የድንጋይ ሽበት

ስቴይንቮር በማለዳ ገመድ ትዘረጋለች፣
በአራት የብረት ካስማ ሸለቆ ታጥራለች።
ጸሎት የሌለበት መቁጠሪያ ይዛለች፤
ቀጭ ሲል አንድ ሰው ነው፣
ቀጭ ሲል ሌላ ሰው ነው፣
መቶ ሃምሳ ሲሞላ እጇን ታነሳለች።
«አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል» ትላለች።

አውቶቡስ ቆሟል፤ ከኋላው አውቶቡስ፤
ከዚያ ኋላ የኪራይ መኪና፣ በሩ ተከፍቶ ዘፈኑ የሚፈስ፤
ከዚያ ኋላ ነፋስ።
አንዱ ሰዓቱን ያሳያታል፦ «አሥራ አራት ሰዓት በርሬ!»
አንዱ ጣቱን ያሳያታል፦ «አንድ ፎቶ፣ አንዲት ብቻ፣ ላንሳና ልመለስ ዛሬ።»
ሙሽራይቱ ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ
በስኒከር ጫማ ቆማለች፤ የአይስላንድ ሰኔ አጥንቷ ገብቶ፣
ለካሜራው ትስቃለች፣ ጥርስ በጥርስ ተማትቶ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣
ይላል ተረቱ።
ሎሚው አንድ ቢሆንስ? ሃምሳ ሺህ ሰዎች ቢመጡ፣
እያንዳንዳቸው በጥፍር ጫፍ፣ ለሽታ ያህል ቢልጡ?
ማን ጨመቀው? ማንም።
ሎሚው ግን የለም።

መንገዱ ዱሮ የበግ ዱካ ነበር፣ ስንዝር የማይሞላ።
ዘነበ፤ ጭቃ ሆነ።
ጭቃውን የጠላ በጎን አለፈ፤ ጎኑም ጭቃ ሆነ፤
የጎኑን ጭቃ የጠላ በጎኑ ጎን አለፈ።
ዛሬ መንገዱ እንደ ሐሜት ሰፍቷል፤
ጥፋተኛ ከተፈለገ
ጫማው ንጹሕ የሆነው ሁሉ ነው።

ስልኳ ይነዝራል። ኤይቪንዱር ነው፣ ታላቅ ወንድሟ፤
ከአስፋልቱ ማዶ አሥራ ሁለት አልጋ ያከራያል።
«ገመዱን ላላ አድርጊው እንጂ፤ ትናንት ሦስት ክፍል ባዶ አደረ።
የበግ ዋጋ የወደቀ ጊዜ የአባባን ዕዳ ማን ከፈለው?
ይሄ ሰልፍ አይደለም? ድንጋዩ ነበረ?»
እውነቱን ነው።
እሷም የተማረችው፣
የሽበቱን ስም በላቲን የምትጠራው
በዚያው ገንዘብ ነው።
«እደውልልሃለሁ» ትላለች።
ቀጭ።

ከገመዱ ማዶ እሳት የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣
ከድንጋዩ ራስ ላይ ሽበት።
ፀሐይ ሲመታው አመድማ፣
ካፊያ ሲነካው አረንጓዴ የሚወጣበት፤
መዳፍ ቢያሳርፉበት እንደ ጥጥ ፍራሽ የሚሰምጥ፣
በዓመት ከጥፍር ቅራፊ እድገቱ የማይበልጥ።
ሽበት ሲገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል ጨዋ
እዚህ ሲደርስ ይቆምበታል፣
ፎቶ ይነሳበታል፤
ሽማግሌ እንደረገጠ ማን ይነግረዋል?

አንዲት ልጅ ከሰልፉ ወጥታ ገመዱ ሥር ተንበረከከች።
«ይሄ የማን እግር ነው?» አለች።
ከሽበቱ መሃል አንድ ጎድጓዳ፣ የሕፃን ጫማ ልክ፣
ዳሩ የነጣ፣ ውስጡ እስካሁን ድንጋይ።
ስቴይንቮር ቁጢጥ አለች።
«የአንዲት ልጅ ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር።
በጣም ስለምትወደው ዘለለችበት።»
«ብዙ ሰው ነበር?»
«ማንም አልነበረም። ብቻዋን።»
«ተቆጧት?»
«አላዩዋትም።»
ልጅቷ ጫማዋን ገልብጣ ሶሉን አየች፤
ከዚያ ከጠጠሩ መሃል ሄዳ
ሁለት እግሯን ገጥማ ቆመች።

ማታው የማይመሽ ማታ ነው። አውቶቡሱ ሄዷል፤
ገመዱ በሰንሰለት ተተክቷል።
ኤይቪንዱር ጽፏል፦ «ነገስ?»
መልሱን ጀምራ ሰረዘች፣ ጀምራ ሰረዘች።
መቁጠሪያው ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።
ወደ ዜሮ ልትመልሰው አውራ ጣቷን አሳረፈች፤
ቆም አለች።
ሠላሳ አራት ዓመት ማንም ላልቆጠራት፣
ለዚያች ለዘላይዋ፣
ቀጭ።
ስምንት መቶ አሥራ ሦስት።